ለዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ትምህርት መማሪያ መጽሐፍ እንዴት ይመዘናል?

ከአየር ጤና ተነስቶ በዓለም ገና በኩል ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ግቢ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት “ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚሆን መማሪያ መጽሐፍ ምረጡ” ተባልንና አምስት መምህራን አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተሰበሰብን። ጠረጴዛው ላይ ሦስት መጻሕፍት፣ በእጃችን ደግሞ ከኢንተርኔት የወረደ 30 ጥያቄዎች ያሉት ቅጽ ነበረ። “የገጾቹ አቀማመጥ ማራኪ ነውን?” ይላል ቅጹ፤ ገለጥ ገለጥ እናደርግና 4 እንሰጣለን። “መልመጃዎቹ ልዩ ልዩ ናቸውን?” ሌላ 4። ቡናው ሳይቀዘቅዝ አሸናፊው ታወቀ፦ ባለ ቀለሙ፣ ወረቀቱ የሚያንጸባርቀው።

በሦስተኛው ሳምንት መጽሐፉና ክፍሉ ተጣሉ። የማዳመጥ ትምህርቱ በሙሉ በሲዲ ነበር፤ ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር ግን ከግቢው ውስጥ አልተገኘም። አንዱ መልመጃ “ተነስታችሁ እየተዘዋወራችሁ አምስት ሰዎችን ጠይቁ” ይላል፤ የእኛ አግዳሚዎች ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰሩ ናቸው፣ 62 ተማሪዎች ተጠጋግተው ተቀምጠውባቸዋል። ከሁሉ የባሰው ምንባቡ ነበር። “መምህር፣ መጽሐፉን ልያዝ ወይስ መዝገበ ቃላቱን?” አለችኝ አንዲት ተማሪ፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ሰልችቷት። መጽሐፉ ለተጻፈለት ክፍል ደህና መጽሐፍ ነበር። እኛ ግን የመዘንነው ተማሪ በሌለበት ክፍል ውስጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ የምከተለውን አካሄድ እዚህ ጽፌዋለሁ። ከአንድ ከሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ሁለት ሳምንት ይመድቡለት።

1ኛ ደረጃ፦ መጽሐፍ ሳይከፍቱ ክፍሉን ይጻፉ

አንድ ነጭ ወረቀት ይውሰዱና ከሰዓቱ ይጀምሩ። በሳምንት 3 ሰዓት፣ በሴሚስተር 16 ሳምንት፤ በወረቀት ላይ 48 ሰዓት ነው። በምዝገባ የሚያልፈውን የመጀመሪያውን ሳምንት፣ የፈተናዎቹን ቀናት፣ በዓላቱን ሲቀንሱ እኛ ዘንድ የሚተርፈው 38 ያህል ነው። 12 ምዕራፎች ያሉት መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ 6 ሰዓት ቢጠይቅ 72 ሰዓት ይሆናል። ግማሽ የሚጠጋው ሳይነካ ይቀራል ማለት ነው። አዘጋጆች ደግሞ ዘገባና ድርሰት አጻጻፍን ወደ መጨረሻ መግፋት ይወዳሉ፤ ስለዚህ የሚቀረው ተማሪው በጣም የሚፈልገው ክፍል ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ተማሪዎቹን ይጻፉ። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ዳግም ከተጀመረ ወዲህ አንድ ክፍል ውስጥ የወደፊት መሐንዲስም ሐኪምም የሂሳብ ባለሙያም አብረው ይቀመጣሉ። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውም ልዩ ልዩ ነው፤ ይህ ደግሞ ለቅጽ ማሟያ ብቻ የሚጻፍ ነገር አይደለም። ለምሳሌ በአፋን ኦሮሞ ቁቤ ማንበብ የተማረ ልጅ የላቲን ፊደላትን ገና ከአንደኛ ክፍል ያውቃቸዋል፤ ነገር ግን “ፒ” እና “ኤች” ተከታትለው ሲመጡ በቁቤ “ጵ” ናቸው፣ በእንግሊዝኛ “ፍ”። “ኤክስ” በቁቤ “ጥ” ነው። በአማርኛ ፊደል የተማረው ልጅ ይህ ችግር የለበትም፤ የእሱ ችግር ሌላ ነው። የንባብና የአነጋገር ምዕራፎቹ ሁለቱንም እንደሚያገለግሉ የሚያውቁት እነዚህ ሁለት ልጆች ወረቀትዎ ላይ ካሉ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ነገር ተማሪው በቋንቋው ምን ሊሠራበት ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ከሥርዓተ ትምህርቱ ላይ ገልብጠው አያምጡ። የኬሚስትሪውን መምህር ሻይ ጋብዘው “በዚህ ሴሚስተር ተማሪዎቼ የግድ የሚያነቡትን ሦስት ገጽ ስጠኝ” ይበሉት። የቤተ ሙከራ ዘገባ ናሙናም ይጠይቁት። እነዚያ ገጾች ከማንኛውም የምዘና ቅጽ የበለጠ ይነግሩዎታል። ስለ እንግሊዝኛ ማስተማር የጻፉት ቶም ሃቺንሰንና አለን ዋተርስ እ.ኤ.አ. በ1987 የመጽሐፍ ምዘና በመሠረቱ የማዛመድ ሥራ ነው ብለው ነበር፦ በአንድ ወገን የእኛ ፍላጎት፣ በሌላ ወገን መጽሐፉ የያዘው። አንደኛውን ወገን ባዶ ትቶ ማዛመድ የለም።

በመጨረሻ ክፍሉን ራሱን ይጻፉ፦ ወንበሩ ይንቀሳቀሳል? ሶኬቱ ይሠራል? መብራት በብዛት የሚጠፋው በስንት ሰዓት ነው? የኋላው ረድፍ ድምፅ ይሰማዋል?

2ኛ ደረጃ፦ በአሥር ደቂቃ የማይሆነውን ያስወጡ

ይህ ፈጣን ሥራ ነው። የጀርባ ሽፋኑን አያንብቡ፤ እሱ ሻጭ ነው፣ ሻጭ ደግሞ የራሱን እርጎ ጎምዛዛ ነው አይልም። ማውጫውን ይክፈቱና ከወረቀትዎ ጋር ያስተያዩ። የማዳመጫው ድምፅ በምን እንደሚገኝ፣ የመምህሩ መምሪያና መልሶቹ እንዳሉ፣ መጽሐፉ ገበያ ላይ መኖሩን ያጣሩ። አራት ኪሎ ካሉት የመጻሕፍት መደብሮች በአንዱ አንድ ቅጂ ማግኘት ማለት 300 ቅጂ ይገኛል ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ የፎቶ ኮፒን ነገር ሳላነሳ አላልፍም፤ በግቢያችን በር ላይ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች መጽሐፍን በጥራዝ አባዝተው ሲሸጡ እናያለንና። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል ጥቅም የሚደረግ ማባዛትን ሲፈቅድ እንኳ ሙሉ መጽሐፍን ወይም አብዛኛውን ክፍሉን ከፈቃዱ ውጭ አድርጓል። ስለዚህ “ገዝተን የምናቀርበው አንድ ነው፣ ሌላውን ተማሪዎች ያባዙታል” የሚል ዕቅድ የያዘ ምርጫ ምርጫ አይደለም። መጽሐፉ በቂ ቅጂ የማይገኝለት ከሆነ በዚህ ደረጃ ላይ ይውደቅ።

3ኛ ደረጃ፦ ከመካከል አንድ ምዕራፍ ወስደው መልመጃዎቹን ይሥሩ

የመጀመሪያውን ምዕራፍ አይውሰዱ። አንደኛው ምዕራፍ ሁልጊዜ የሙሽራ ልብሱን ለብሶ ነው የሚጠብቅዎት፤ አዘጋጁም አሳታሚውም ደክመውበታል። ሰባተኛውን ወይም ስምንተኛውን ይክፈቱ። ድካሙ፣ ድግግሞሹ፣ “የተረፈውን እዚህ እንክተት” የተባለበት ቦታ የሚታየው እዚያ ነው።

ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ እርሳስ ይዘው እያንዳንዱን መልመጃ እንደ ተማሪ ይሥሩት። ከዚያ በጎኑ አንድ ቃል ይጻፉ፦ ተማሪው እዚህ ምን አደረገ? ገለበጠ? መረጠ? አሰበ? የራሱን ዓረፍተ ነገር ጻፈ? አንድ ጊዜ ባለቀለሙን መጽሐፋችንን እንዲህ ብሠራው በአንድ ምዕራፍ ካሉት 19 መልመጃዎች ተማሪው ከራሱ አውጥቶ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ የሚጽፍባቸው ሁለት ብቻ ሆነው አገኘኋቸው። በቅጹ ላይ ግን “መልመጃዎቹ ልዩ ልዩ ናቸው” ብለን 4 ሰጥተን ነበር። ልዩ ልዩስ ነበሩ፤ በ17 ዓይነት መንገድ ማስገልበጥ ነበር።

የምንባብ ጥያቄዎችን ለመመርመር አንድ ዘዴ ላሳይዎት። ይህን ዓረፍተ ነገር ያንብቡ፦

“ዘንበሩ ጥልፎቱን ድርጫው ላይ ቀለመጠው።”

አሁን ይመልሱ። ጥልፎቱን የቀለመጠው ማን ነው? ዘንበሩ። የት ላይ ቀለመጠው? ድርጫው ላይ። ሁለት ከሁለት አግኝተዋል። ነገር ግን ዘንበር የሚባል ነገር የለም፣ ድርጫም የለም፣ መቀለመጥም የለም፤ ሁሉም እኔ አሁን የፈጠርኳቸው ናቸው። መልሱን የሰጠዎት ሰዋስው ነው። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ምንባቦች ሥር ካሉት ጥያቄዎች ብዙዎቹ ከዚህ የተለዩ አይደሉም፤ ተማሪው የጥያቄውን ቃላት ምንባቡ ውስጥ ፈልጎ፣ አጠገባቸው ያለውን ገልብጦ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። በመረጡት ምዕራፍ ውስጥ ስንቱ ጥያቄ ሳይገባ እንደሚመለስ ይቁጠሩ። ከግማሽ በላይ ከሆነ ያ መጽሐፍ ንባብ አያስተምርም፤ ፍለጋ ያስተምራል። ከኬሚስትሪው መምህር የመጡት ሦስት ገጾች ደግሞ በፍለጋ አይነበቡም።

4ኛ ደረጃ፦ ክብደቱን ተማሪዎቹ ይመዝኑት

መምህር የመጽሐፍን ክብደት መገመት አይችልም፤ ቃላቱን ሁሉ ስለሚያውቃቸው የማያውቅ ሰው ምን እንደሚታየው ዘንግቶታል። የንባብ ቅለትን በቀመር የሚያሰሉ መሣሪያዎችም እንግሊዝኛ አፍ ከፈታ ልጅ ጋር ተለክተው የተሰፉ ናቸው። ተማሪዎቹን ይጠይቁ።

ከመካከለኛው ምዕራፍ 200 ቃላት ያህል ያለው ምንባብ ያባዙ። ካለፈው ሴሚስተር ውጤት ተነስተው ከጎበዝ፣ ከመካከለኛና ከደካማ ተማሪዎች 15 ያህሉን ይምረጡ፤ በፈቃዳቸው ብቻ የሚመጡትን ከወሰዱ የሚመጡት ጎበዞቹ ናቸው። “ነጥብ የለውም፣ የማታውቁትን ቃል አስምሩበት” ይበሏቸው። ልጆቹ እንዳይታዘቧቸው ብለው የማያውቁትን ቃል ሳያሰምሩ ያልፋሉ፤ ስለዚህ ካሰመሩበት ሌላ ሦስት ቃላት መርጠው ትርጉማቸውን በየተራ ይጠይቁ።

ከዚያ ይቁጠሩ። ሁ እና ኔሽን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባደረጉት ጥናት አንባቢ ያለማንም እገዛ ምንባብን በደንብ ለመረዳት ከ100 ቃላት 98 ያህሉን ማወቅ ይፈልጋል። ከ200 ቃላት የማይታወቁት 4 ብቻ ናቸው ማለት ነው። እስከ 10 ድረስ ያልታወቀ ቃል በመምህር እገዛ ይገፋል። የእኛ መካከለኛ ተማሪዎች በባለቀለሙ መጽሐፍ ላይ ያሰመሩት 27 ነበር። ያ ንባብ ሳይሆን ድንጋይ ፈለጣ ነው።

ጊዜ ካለዎት ሁለተኛ ፈተና ይጨምሩ። ከ250 ቃላት ትንሽ በለጥ ካለ ምንባብ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ይተዉና ከዚያ በኋላ በየአምስተኛው ቃል ላይ ክፍተት ያኑሩ፤ 50 ክፍተቶች ሲሞሉ ያቁሙ። ትክክል የሚባለው የጠፋው ቃል ራሱ ሲጻፍ ብቻ ነው። ለአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በወጣው መለኪያ ከ44 በመቶ በታች፣ ማለትም ከ22 በታች ያገኘ ተማሪ ምንባቡ ከብዶታል፤ ከ57 በመቶ በላይ ያገኘ ብቻውን ያነበዋል። መለኪያው አፍ ለፈቱ አንባቢዎች ስለወጣ እንደ ሕግ አይያዙት። ሁለት መጻሕፍትን በዚሁ ፈተና ጎን ለጎን ሲያስተያዩ ግን የትኛው እንደሚቀል ወዲያው ይታያል።

የሚመዝኑት የአማርኛ መጽሐፍ ከሆነ ይህን ፈተና እንዳለ አይጠቀሙበት። “አልነገርናቸውም” አንድ ቃል ናት፤ ነገር ግን አሉታው፣ ተናጋሪዎቹና የተነገረላቸው ሰዎች ሁሉ በውስጧ ናቸው። ያችን ካጠፉ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አጠፉ። ግሡ ትክክል ሆኖ ቅጥያው ቢለይም ነጥብ ይስጡ።

5ኛ ደረጃ፦ አገሩንና ሰፈሩን ይመልከቱ፤ ግን አያጋንኑ

በምዘና ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ “ይህ መጽሐፍ ስለ በረዶ ያወራል፣ ለባህላችን አይሆንም” ማለቱ አይቀርም። እኔ አልስማማም። በአሥራ ስምንት ዓመት ዕድሜ ስለ በረዶ ማንበብ ማንንም አይጎዳም። ችግሩ የሚመጣው መልሱ የሌላ አገር ኑሮን ማወቅ ሲጠይቅ ነው። አንድ የማዳመጥ መልመጃ የባቡር ትኬት ከማሽን ስለመግዛት ነበር፤ ጥያቄው “ሰውየው ለምን ተናደደ?” ይላል። ማሽኑ የገንዘቡን መልስ አልሰጠውም ነበር። ከአየር ጤና በሚኒባስ የሚመላለስ ልጅ ቃላቱን ሁሉ ሰምቶ የጥያቄውን መልስ አጣው፤ በእሱ ዓለም መልስ የሚሰጠው ረዳቱ ነው፣ ረዳቱ መልስ ካልሰጠ ደግሞ መናደድ ብቻ ሳይሆን መጮህም አለ። ልጁ የወደቀው በእንግሊዝኛ አይደለም።

የአገር ውስጥ ሞጁሎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። “ጆን” የሚለውን “ከበደ” ብሎ መተካት፣ በየገጹ ጀበናና ላሊበላ ማሰለፍ መጽሐፉን የእኛ አያደርገውም። የእኛ የሚያደርገው ልጁ ነገ በእርግጥ የሚገጥመውን ንግግርና ጽሑፍ ሲይዝ ነው፦ ለመምህር የሚጻፍ የይቅርታ ደብዳቤ፣ የልምምድ ቦታ ማመልከቻ፣ የንግግር ማስታወሻ አያያዝ።

6ኛ ደረጃ፦ የማያይ ተማሪ እንዴት ያነበዋል?

ይህ ጥያቄ በአብዛኛው ቅጽ ላይ የለም፤ ሰበታ አጠገብ ለምናስተምር ግን መዝለል ነውር ነው። በሰበታ መርሃ ዕውራን ትምህርት ቤት የተማሩ ልጆች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ይገባሉ። መጽሐፉ በሥዕል ላይ የተመሠረተ ከሆነ፣ “ሥዕሉን ተመልክታችሁ ተወያዩ” የሚለውን ምን ያህል ጊዜ እንደሚል ይቁጠሩ። በፋይል የሚገኝ ከሆነ አንድ አንቀጽ ገልብጠው ሌላ ቦታ ይለጥፉት። ጽሑፍ ሆኖ ካልወጣ በስካነር የተነሳ ፎቶ ነው፤ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ የስልክ ማንበቢያ አያነበውም። የአማርኛ ፋይል ሲሆን ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ የግእዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ፊደላትን ወደሚለዩበት የጋራ ኮድ፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተተየበ ጽሑፍ ሲለጠፍ የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ይሆናል። ለዓይን አማርኛ ነው፣ ለማንበቢያው ምንም አይደለም።

ድምፁንም በዚሁ ያጣሩ። ተማሪዎች ፋይል የሚለዋወጡት በቴሌግራም ነው፤ ቀለል ያለ የድምፅ ፋይል በአንድ ቀን ለሁሉም ይደርሳል። በይለፍ ቃል የሚከፈት ድረ ገጽ ላይ ያለ ድምፅ ግን መብራትና ኢንተርኔት አንድ ላይ የሚገኙበትን ሰዓት ይጠብቃል።

ስለ አማርኛ መማሪያ አንድ ነገር

ትምህርት ክፍላችን አማርኛ አፍ ላልፈቱ የሚሰጥ ኮርስም አለው። ለዚህ የሚሆን መጽሐፍ ሲመዝኑ በመጀመሪያ የሚያዩት ማጥበቅና ማላላትን እንዴት እንደሚያስተምር ይሁን። ፊደላችን ይህን አያሳይም፤ “አለ” ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ይገኛል ነው። አንድ የውጭ አገር ተማሪ ዓለም ገናን “ገና”ዋን አጥብቆ ይጠራትና “እዚህ የገና በዓል በተለየ ሁኔታ ይከበራል?” ብሎ ሲጠይቀኝ መጽሐፉ በ40 ገጽ ውስጥ አንድም የማጥበቂያ ምልክት እንዳልተጠቀመ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ሌላው “አንተ”፣ “አንቺ” እና “እርስዎ” ናቸው። ንግግሮቹ ውስጥ ወጣቱ የቤት አከራዩን “አንተ” የሚል መጽሐፍ ተማሪውን ሰፈር ውስጥ ያጣላዋል።

7ኛ ደረጃ፦ ነጥብ አሰጣጥ

መስፈርቶቹን ለሁለት ይክፈሉ። የመጀመሪያዎቹ በር ናቸው፦ ክብደቱ፣ ሰዓቱ፣ የቅጂ አቅርቦቱ፣ የማያይ ተማሪ ማንበብ መቻሉ። ከእነዚህ በአንዱ የወደቀ መጽሐፍ ወደ ነጥብ አይገባም። አለበለዚያ አማካይ ያታልላል፤ በወረቀቱ፣ በሥዕሉ፣ በአቀማመጡ 5 ያገኘ መጽሐፍ በክብደቱ 1 ቢያገኝም አማካዩ ያማረ ሆኖ ይወጣል። የእኛም እንዲሁ ነበር።

በሩን ላለፉት 10 የማይበልጡ መስፈርቶች ያውጡና እያንዳንዱ መምህር ብቻውን ነጥብ ይስጥ። ከዚያ ነው ስብሰባው። መጀመሪያ ከተሰበሰባችሁ የመጀመሪያው ተናጋሪ ወይም የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ያለው ይጸድቃል፤ “እርስዎ እንዳሉት” እያልን እንወርዳለን። አንድ ሕግ ደግሞ በጥብቅ እናስከብራለን፦ ከነጥቡ ጎን ገጽ ያልተጻፈበት ነጥብ አይቆጠርም። “ሰዋስዉ በደንብ ቀርቧል፣ 4” አይባልም፤ “ገጽ 88፣ ሕጉ ከምሳሌው በኋላ ነው የመጣው፣ 4” ይባላል። ይህ ሕግ ከመጣ ወዲህ ስብሰባችን ረዝሟል፤ ክርክሩ ግን ስለ መጽሐፉ ሆኗል።

8ኛ ደረጃ፦ አንድ ሳምንት አስተምሩበት

ሁለት መጻሕፍት ከቀሩ ከእያንዳንዱ አንድ ምዕራፍ ወስደው በሁለት ክፍሎች ይሞክሩ። ሲያስተምሩ ሰዓት ይያዙ፤ “20 ደቂቃ” የተባለው መልመጃ 45 ከወሰደ ይጻፉት። በሳምንቱ መጨረሻ ከተማሪዎቹ አምስት ደብተሮች ይሰብስቡ። “ወደዳችሁት?” ብለው ቢጠይቁ “አዎ መምህር” ይባላሉ፤ ደብተር ግን ይሉኝታ አያውቅም። ባዶ የቀረው መስመር የትኛው ነው? ሁሉም ተመሳሳይ ስሕተት የጻፉበት ቦታ የት ነው?

የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ሮድ ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1997 ከመጠቀም በፊት የሚደረገውን የትንበያ ምዘናና ከተጠቀሙ በኋላ የሚደረገውን ምዘና ለይቶ አሳይቷል። አብዛኞቻችን ሁለተኛውን አናደርገውም፤ መጽሐፉ አንዴ ከተገዛ ተጋብተናል ብለን እንተወዋለን። በእኛ ዘንድ አሁን አንድ የትምህርት ክፍሉ ቅጂ አለ፤ የሚያስተምርበት መምህር ሁሉ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ይጽፍበታል። ባለፈው ሳምንት ቁም ሳጥኑን ስከፍት ገጽ 64 ላይ የሦስት ሰዎች እጅ ጽሑፍ አገኘሁ። የመጀመሪያው፦ “ጥሩ መልመጃ ነው።” ሁለተኛው፦ “ለ62 ተማሪ አይሆንም፣ በረድፍ ከፋፍዬ ሠራሁት።” ሦስተኛው፦ “በረድፍ ይሠራል፤ ድምፁ ግን ጠዋት ይሁን፣ ከሰዓት መብራት የለም።”